አካል እንግዳውን ሲመልስ፦ ከፈረስ ሴረም እስከ ወላይታ ቀይ አፈር

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ የዙሪያዋ ምድር ቀይ ነው። አፈሩ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዝናብና በዘመን ብዛት ተፈርፍሮ የተገኘ፣ እንሰቱንና ጎደሬውን፣ በቆሎውንና ስኳር ድንቹን አብቅሎ እጅግ የበዛ ሕዝብ የሚመግብ ለም አፈር ነው። ይሁን እንጂ በባዶ እግሩ ሲያርስበትና ወደ ገበያ ሲመላለስበት ከኖረው ሕዝብ መካከል አንዳንዱን እየለየ እግሩን የሚያሳብጥ፣ ቆዳውንም የሚያሻክር ሕመም ከዚሁ አፈር ጋር ተያይዞ ኖሯል። ሕዝቡ በተለምዶ ዝሆኔ የሚለው፣ የሕክምና ሊቃውንት ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው።

በዚህ ሕመም ነገር አንድ ጥያቄ ለብዙ ዘመን መልስ አጥቶ ቆየ። በአንድ ጎጆ ተወልደው በአንድ ማሳ ላይ ያለ ጫማ ካደጉ ሁለት ወንድማማቾች የአንዱ እግር ሲያብጥ የሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? አፈሩ አንድ፣ ኑሮውም አንድ ከሆነ፣ ልዩነቱ ከሰዎቹ አካል ውስጥ መፈለግ ነበረበት።

መልሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ሲገኝ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የተገኘው የአካል መከላከያ ኃይል እንግዳን ነገር ለይቶ በሚያውቅበት ስፍራ ነበር። ይኸው ስፍራ በሌላ የሕክምና መስክም ደጋግሞ ይነሳል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም ያደረባቸው ሰዎች በደም ሥራቸው የሚወስዱትን የአንቲቦዲ መድኃኒት፣ የአንዳንዶቹ አካል ስለምን እንደሚቃወመው ሲመረመር ፍለጋው ወደዚያው ያመራል። በመጀመሪያ እይታ የወላይታ ገበሬ እግርና የቦስተን ወይም የስቶክሆልም ታማሚ ነርቭ የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። የሁለቱን ታሪክ መንገድ ተከትሎ መገናኛቸውን ማየት ግን ለሐኪሙም፣ ለነርሱም፣ ለመድኃኒት ባለሙያውም ጥቅም አለው፤ የአንቲቦዲ መድኃኒቶች ለኢትዮጵያ ታማሚዎች በሚታዘዙበት ጊዜ ምን መጠበቅና ምን መመዝገብ እንደሚገባ ከዚሁ ታሪክ የሚቀሰም ትምህርት ነውና።

የፈረስ ሴረም

የአንቲቦዲ ሕክምና የተጀመረው በእንስሳት ደም ነው። በ1890 ጀርመናዊው ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በርሊን ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የቴታነስን መርዝ እንዲቋቋም የተደረገ እንስሳ ሴረሙ ለሌላ እንስሳ ቢሰጥ፣ ተቀባዩን ከመርዙ እንደሚያድነው አሳዩ። በሴረሙ ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ይህም ዛሬ አንቲቦዲ፣ ወይም ፀረ እንግዳ አካል፣ የሚባለው ነው። ብዙም ሳይቆይ ፈረሶች ለዚሁ ሥራ ተመደቡ፤ ከደማቸው የሚወጣው ሴረም በዲፍቴሪያ ይታነቁ የነበሩ ሕፃናትን ከሞት ያድን ጀመር። ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዳሩ ግን የዳኑት ሁሉ በሰላም አልዳኑም። ሴረሙ ከተሰጣቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ ከ8 እስከ 12 ቀን ከቆዩ በኋላ ትኩሳት ይይዛቸው፣ ገላቸው በሽፍታ ይሸፈን፣ መገጣጠሚያቸው ያብጥ ነበር። የቪየና ሐኪሞች ክሌመንስ ፎን ፒርኬና ቤላ ሺክ እነዚህን ሕፃናት በትዕግሥት ተከታትለው በ1905 የሴረም ሕመም የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ከሁሉ በላይ ያስተዋሉት ጊዜውን ነው። ሴረሙ መርዝ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ወዲያው በታየ ነበር፤ የዘገየው የሕፃኑ አካል እንግዳውን ለማወቅና መልስ ለማዘጋጀት ቀናት ስለሚያስፈልጉት ነው። ደግሞም ያው ሕፃን ከወራት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ሴረም ቢሰጠው ምልክቱ በፍጥነትና በኃይል ይመጣ ነበር፤ አካል የመጀመሪያውን እንግዳ አልረሳምና። ፎን ፒርኬ በ1906 ለዚህ የተለወጠ የአካል ምላሽ አለርጂ የሚለውን ቃል ፈጠሩለት።

ከዚህ በኋላ በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ እውነት ተተከለ፦ አንቲቦዲ መድኃኒት ቢሆንም ራሱ እንግዳ ነው። የኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶችም ይህን እውነት በሥራ ያውቁታል። ለቁስለኛ የሚሰጠው የቴታነስ ፀረ መርዝ ሴረም ከፈረስ የተገኘ ሲሆን፣ አስቀድሞ በቆዳ ውስጥ ጥቂት ወግቶ መጠበቅና አድሬናሊን በአጠገብ ማዘጋጀት የሥራው ሥርዓት ነበር። ያ የጥቂት ደቂቃ ጥበቃ ከቪየናዎቹ ሐኪሞች ምልከታ የወረደ ጥንቃቄ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው

በ1975 ጆርጅ ኬለርና ሴዛር ሚልስቲን ኬምብሪጅ ላይ ሌላ በር ከፈቱ። አንቲቦዲ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ማለቂያ ሳይኖረው ከሚባዛ የነቀርሳ ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ አንቲቦዲ እንደ ልብ ማምረት ቻሉ። በፈረስ ሴረም ውስጥ የሚገኘው አንቲቦዲ ልዩ ልዩ ድብልቅ ሲሆን፣ ይህኛው ግን አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ከኒልስ የርነ ጋር በ1984 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1986 ደግሞ የተተከለን ኩላሊት አካል እንዳይጥለው የሚከላከል የአይጥ አንቲቦዲ በአሜሪካ ተፈቅዶ የዚህ ዘር የመጀመሪያ መድኃኒት ሆነ።

የፈረሱ ችግር ግን በአይጡ ተደገመ። የብዙ ታማሚዎች አካል መድኃኒቱን ለይቶ አወቀና በአንቲቦዲው ላይ አንቲቦዲ ሠራበት። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ሲሰጥ ወይ ሳይሠራ ተጠርጎ ይወጣል፣ ወይ የአለርጂ ምልክት ያስነሳል። በመልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም ከዚህ አላመለጠም። ይህ ሕመም የአካል መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚሸፍነውን ማየሊን የተባለ ልባስ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ዓይንን ያደበዝዛል፣ እግርን ያዝላል፣ ሚዛንን ያሳጣል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በወጣትነት ዕድሜ ነው። በ1980ዎቹ ቦስተን ውስጥ ጥቂት ታማሚዎች በአይጥ አንቲቦዲ ሲሞከሩ፣ አካላቸው ለአይጡ ፕሮቲን መልስ መስጠቱ ሕክምናውን ለመድገም እንቅፋት ሆነ።

ሊቃውንቱ መፍትሔውን መድኃኒቱን ሰው በማስመሰል ፈለጉት። በመጀመሪያ የአንቲቦዲውን ጫፍ ብቻ ከአይጥ አስቀርተው ቀሪውን ከሰው አደረጉ፤ ቀጥሎ ከአይጥ የሚወሰደውን ክፍል ይበልጥ አሳነሱ፤ በመጨረሻም ፈጽሞ የሰው የሆነ አንቲቦዲ ሠሩ። የመድኃኒት ባለሙያዎች ይህን እድገት ለረጅም ጊዜ ከስሙ መጨረሻ ያነቡት ነበር፦ ሪቱክሲማብ ቅልቅል፣ ናታሊዙማብ ወደ ሰው የተጠጋ፣ ኦፋቱሙማብ ሙሉ የሰው። ተስፋውም የአይጡ ድርሻ ባነሰ መጠን ተቃውሞውም ያንሳል የሚል ነበር።

ተስፋው በከፊል ተፈጸመ። ሪቱክሲማብ በመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ሲታተም፣ በ48ኛው ሳምንት ከተመረመሩት 58 ሰዎች በ14ቱ፣ ማለትም ከመቶ በ24ቱ፣ የመድኃኒቱ ተቃዋሚ አንቲቦዲ ተገኘ። ናታሊዙማብ በኅዳር 2004 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ በአንጎል ላይ ብርቅ የሆነ የቫይረስ ሕመም በማስከተሉ በየካቲት 2005 ከገበያ ወጥቶ፣ በሰኔ 2006 በጥብቅ ክትትል የተመለሰ መድኃኒት ነው። በዋናው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ600 በላይ ታማሚዎች ከመቶ 9ኙ ተቃዋሚ አንቲቦዲ ታየባቸው፤ ከመቶ በ6ቱ ደግሞ አንቲቦዲው ጸንቶ ቆየ። በእነዚህ በ6ቱ መድኃኒቱ ጥቅሙን አጣ፤ ሲሰጣቸውም የሚነሳው የአለርጂ ምልክት በዛ። በ2017 የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ ግን ተቃዋሚ ያስነሳው ከመቶ አንድ በሚያህሉት ብቻ ነው።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። አለምቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ወደ ሰው የተጠጋ ቢሆንም ከመቶ ከ80 በሚበልጡት ታማሚዎች ላይ አንቲቦዲ አስነሥቷል፤ የመድኃኒቱ ጥቅም ግን በዚህ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። ኦክሬሊዙማብ በበኩሉ ተቃዋሚ አንቲቦዲ የሚያስነሳው በጥቂቱ ሆኖ ሳለ፣ ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት መድኃኒቱ ሲንጠባጠብላቸው ማሳከክ፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ መከርከር ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና መድኃኒቱ ሲሰጥ የሚነሳው ምልክት ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ነጭ የደም ሕዋሳት በሚረጩት ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ አስቀድሞ በሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ፀረ ሂስታሚንና ፓራሲታሞል፣ እንዲሁም ጠብታውን ቀስ በማድረግ ይበርዳል፤ በየጊዜውም እየቀነሰ ይሄዳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ከፍ ብሎ የሚመጣው ግን ፎን ፒርኬ ያዩት የአካል ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ጠብታውን በማዘግየት የሚታለፍ አይደለም።

የመለያው በር

አንዱ ታማሚ መድኃኒቱን ሲቀበል ሌላው የሚቃወመው ስለ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ከአንድ ብልቃጥ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በአካል ውስጥ እንግዳ ነገር ለምርመራ በሚቀርብበት መንገድ ነው።

ፕሮቲን የሆነ እንግዳ ወደ አካል ሲገባ፣ ጠባቂ ሕዋሳት ውጠው ይቆራርጡትና ቁራጩን በገጻቸው ላይ ባሉ መያዣዎች ላይ አስቀምጠው ያሳያሉ። እነዚህ መያዣዎች ሁለተኛው መደብ ኤች.ኤል.ኤ. ይባላሉ። ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ መጥቶ በመያዣው ላይ ያለውን ያነባል፤ ባዕድ ነው ብሎ ከፈረደ አንቲቦዲ ሠሪዎቹን ሕዋሳት ያነሣሣል፣ ወይም ራሱ ቁጣ ያስነሳል። የመያዣው ቅርጽ ግን ከሰው ሰው ይለያል፤ ሰው ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሰው ነው። የአንዱ መያዣ አጥብቆ የያዘውን ቁራጭ የሌላው አይይዘውም፤ ካልተያዘ አይታይም፣ ካልታየም አይከሰስም።

መልቲፕል ስክለሮሲስ ራሱ ከኤች.ኤል.ኤ. ጋር ዝምድና እንዳለው መታወቅ የጀመረው በ1972 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ዘሮች ላይ ከሁሉ ጸንቶ የተገኘው ዲ.አር.15 የተባለው ዓይነት ሆኗል። ለአንቲቦዲ መድኃኒትም ይኸው ዝምድና ታየ። በ2020 በታተመ ጥናት፣ ክሮን የተባለ የአንጀት ሕመም ያለባቸው 1,240 ሰዎች ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ ሲወስዱ፣ ዲ.ኪው.ኤ.1 ዜሮ አምስት የተባለውን ዓይነት የወረሱት ተቃዋሚ አንቲቦዲ የሚሠሩበት ፍጥነት ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል በለጠ። ሕመሙ ሌላ ቢሆንም የመድኃኒቱ ዘር አንድ ነው፤ ትምህርቱም ለነርቭ ሐኪሙ ይተርፋል። የመድኃኒቱ ዕጣ ከፋብሪካው በተጨማሪ በተቀባዩ ውርስም ይወሰናል።

የወላይታ እግር

ይህ ሁሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲካሄድ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ሌላ ምርመራ በራሱ መንገድ እየተጓዘ ነበር። ዝሆኔ በሌላው ዓለም ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል የሚያመጣው ሕመም መሆኑ ስለታወቀ፣ በኢትዮጵያም ያው ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚበዛው ትሏ በማትደርስበት ከፍተኛ ምድር ላይ ነው። ኦመን የተባሉ ሐኪም በ1969 ባወጡት ጥናት 56 ገበያዎችን ዞረው ከገበያተኛው ከመቶ 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ መሆኑን ቆጠሩ፤ ስርጭቱም ከቀይ አፈር ጋር የሚሄድ ሆነ።

ነገሩን ከሥሩ የመረመሩት በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ያገለገሉት እንግሊዛዊው ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በታማሚዎቹ ንፍፊት ውስጥ በባዶ እግር ቆዳ የገቡ የአፈር ማዕድን ደቃቅ ብናኞች አገኙ፤ ሕመሙንም እግርና ብናኝ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። የምርምራቸው ማጠቃለያ መጽሐፍ የታተመው በ1990 ነው። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀደም ብሎ በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው። መጽሔቱን በ1961 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ1962 ጀምሮ ያሳትመው ነበር። ፕራይስ በዚያ ጽሑፍ ሕመሙ በአንዳንድ ቤተሰብ የመደጋገሙን ነገር አንሥተው፣ በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌ ሊኖር እንደሚችል አመለከቱ። ሐሳቡ በጂን ምርመራ እስኪፈተን አርባ ዓመት ጠበቀ።

በመካከሉ ወላይታ የዚህ ሕመም ሕክምናና ምርምር ማዕከል ሆነች። በሶዶ ለብዙ ዘመን ያገለገሉት ሚስዮናዊ ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎ የጀመሩት ሥራ በ1998 ሞሲ ፉት የተባለ የሕክምናና የመከላከያ ማኅበር ሆኖ ተደራጀ፤ ታማሚዎችን እግር ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ያስተምር ጀመር። በ2003 በታተመ ጥናት ከወላይታ ሕዝብ ከመቶ 5.46 ያህሉ ሕመሙ እንደነበረበት ተገለጸ። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ታማሚው ከሥራ ቀኖቹ ከመቶ 45ቱን እንደሚያጣ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት ዞን የሚደርሰው ኪሳራም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አሰላ። በ2007 በ59 ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በሕመሙ የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ፕራይስ የጠረጠሩት ዝንባሌም ቁጥር አገኘ።

ደም የሰጡት ሰዎች

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጂኑን መፈለግ ነበር፤ ለዚህም ደም ያስፈልጋል። በወላይታ ግን ደም መጠየቅ ቀላል ነገር አልነበረም። እግሩ ያበጠ ሰው ከጎረቤት ይገለል፣ ከቤተሰቡ ጋር መጋባትም ይፈራ ነበር። ሕመሙ በዘር ይወርዳል የሚል ጥናት ቢመጣ ይህ ፍርሃት ማስረጃ ያገኘ ሊመስል ይችላል፤ ጤነኛ የሆነችው የታማሚ ልጅም ባል ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ሰዉን እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ አጠኑ፤ የአካባቢውን ሰዎች ሥጋት አዳመጡ፣ የማስረጃ አሰጣጡንና የፈቃድ አጠያየቁን በዚያው መጠን አስተካከሉ። ይህ ሥራ በ2009 ለብቻው ታትሟል። ዋናው ጥናት በኋላ ያገኘው አመኔታ ከዚህ የመነጨ ነው።

ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪ፣ መላኒ ኒውፖርት፣ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አብርሃም አሰፋና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ጂን ከዳር እስከ ዳር ተነጻጸረ፤ ውጤቱም አባት፣ እናትና ልጅ ባሉባቸው 202 ቤተሰቦች ላይ ዳግመኛ ተፈተነ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ሁለተኛው መደብ ኤች.ኤል.ኤ. ባለበት የጂን ክፍል ላይ ነበር። አንዳንዶቹን ዓይነቶች የወረሰ ሰው በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ተመራማሪዎቹም ፖዶኮኒዮሲስ በቲ ሴል የሚመራ ቁጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ።

የሁለቱ ወንድማማቾች እንቆቅልሽ በዚህ ይፈታል ማለት ይቻላል። የአፈሩ ብናኝ በሁለቱም እግር ይገባል፤ የአንዱ አካል ግን ለይቶ ያቀርበዋል፣ ይከሰዋል፣ ዘመኑን ሙሉ ይዋጋዋል። እግሩን የሚያሳብጠውና የሚያጠነክረውም ይኸው የማያቋርጥ ውጊያ ነው። መድኃኒቱን እንደ ጠላት የሚመልስ አካልና አፈሩን እንደ ጠላት የሚመልስ አካል የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት በር ላይ ነው።

ለባለሙያው የተረፈው

ከዚህ ላይ ማሰር የሚገባው ጥንቃቄ አለ። በወላይታ የተገኙት የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነቶች መልቲፕል ስክለሮሲስን ከሚያስከትሉት ወይም ኢንፍሊክሲማብን ከሚያስጠሉት ጋር አንድ አይደሉም። ከአንድ ወላይታ እግር ተነሥቶ አንድ ኢትዮጵያዊ ለአንቲቦዲ መድኃኒት የሚሰጠውን ምላሽ መተንበይ አይቻልም። የሚቻለውና የሚገባው ሌላ ነው፦ የኤች.ኤል.ኤ. ውርስ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ ከላይ የተጠቀሱት ከመቶ 24፣ 9፣ 6ና 1 የሚሉት ቁጥሮች የተገኙት አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር ከሆኑ ታማሚዎች መሆኑን አለመርሳት ነው። ቁጥሮቹ መነሻ ይሆናሉ እንጂ የኢትዮጵያን ታማሚ አይወክሉም።

መልቲፕል ስክለሮሲስ በኢትዮጵያ ለብዙ ጊዜ እንደ ብርቅ ሕመም ሲቆጠር ኖሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በ60,820 ሰዎች ላይ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ጎልተው የታዩት የሚጥል በሽታ፣ የፖልዮ ሽባነትና የመሳሰሉት ነበሩ። ይሁን እንጂ ብርቅ መሆንና አለመታወቅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የነርቭ ልዩ ሐኪሞች ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2006 ነው። የማግኔት ምስል ማንሻ መሣሪያና የነርቭ ሐኪም በበዙ ቁጥር ሕመሙ ይበልጥ እንደሚታወቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሆኑ መድኃኒቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያገባ፣ ከመረጣቸው ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ሪቱክሲማብ ሆኗል። ሪቱክሲማብ የፈጠራ መብቱ ዘመን ስላበቃ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚመረት፣ ዋጋውም ከሌሎቹ የሚቀል ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንደታየው ከአራት ታማሚዎች በአንዱ ተቃዋሚ አንቲቦዲ ያስነሳ መድኃኒት ነው። ለድሃ አገር የሚቀርበው ርካሹ አንቲቦዲ ብዙ ክትትል የሚጠይቀው ሆኖ ይገኛል።

ክትትሉም በመዝገብ ይጀምራል። ኢትዮጵያ በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጉዳት ክትትል ማኅበር አባል ሆናለች፤ የሚደርሰው ጉዳትም የሚመዘገበው ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚላከው ቅጽ ነው። በአንቲቦዲ መድኃኒት ጊዜ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ጽፎ መተው አይበቃም። የፋብሪካው ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ ስንተኛው ጊዜ እንደሆነ፣ ምልክቱ ጠብታው በተጀመረ በስንተኛው ደቂቃ ወይም በስንተኛው ቀን እንደታየ መጻፍ አለበት። ፎን ፒርኬና ሺክ የሴረም ሕመምን ምሥጢር የፈቱት ሌላ መሣሪያ ኖሯቸው ሳይሆን ቀኑን በትክክል ስለመዘገቡ ነው። በሶዶም ሆነ በጎንደር፣ በጅማም ሆነ በመቀሌ ያለ ነርስ ይህን ለማድረግ ብዕርና ሰዓት ይበቃዋል።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከወላይታ ቤተሰቦች ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን መገለጡ የሚያመጣበትን ነገር ፈርቶ ነው። መድኃኒቱ ያልተስማማው ታማሚ ሕክምናው እንዳይቋረጥበት ብሎ ማሳከኩን ሊደብቅ፣ ትኩሳቱን ሊክድ ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ አካል መድኃኒትን መቃወሙ የታማሚው ጥፋት እንዳልሆነ፣ ሌላ አማራጭም መፈለግ እንደሚቻል ካልነገረው፣ መዝገቡ ባዶ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ በወላይታ መጀመሪያ የሰዉን ሥጋት ጠይቀው ደሙን ያስከተሉት ስለዚህ ነው።

የወላይታው ግኝት በመጨረሻ ያመጣው ፍሬ አንዳንዶች እንደፈሩት አልሆነም። ሕመሙ በውርስ ብቻ የሚመጣ ርግማን እንዳልሆነ ይበልጥ ግልጽ አደረገው፤ ምንም ዓይነት ጂን ቢወርስ፣ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ልጅ አይታመምም። የታመመውም ተስፋ አለው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች ተሳትፈውበት በ2018 በታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት ሰዎች ድንገት የሚነሳው ትኩሳትና ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲመላለስባቸው፣ ያላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ ተመላልሷል። ቅነሳው ታላቅ አይመስልም፤ ለአንድ አራሽ ግን ከአልጋ የሚተርፉ ብዙ የሥራ ቀናት ናቸው።

በአንቲቦዲ መድኃኒትም ነገሩ እንዲሁ ነው። የታማሚውን ውርስ መለወጥ የሐኪም ሥልጣን አይደለም። አስቀድሞ መከላከያውን መስጠት፣ በጠብታው ሰዓት ከአልጋው አለመራቅ፣ ምልክቱ በየትኛው ጊዜ እንደመጣ መለየት፣ አንቲቦዲው ጸንቶ መድኃኒቱ ሥራውን ሲያጣም በሌላ መለወጥ ግን የሐኪም ሥራ ነው። እንዲህ እየተመዘገበ ከተሄደ፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች የሚነገረው ቁጥር ከኢትዮጵያውያን የተገኘ ይሆናል።